ስለ ትንንሽ ንግድና ስለ እጅ ስልክ ዕውቀት

የንግድ ነገር ሲነሣ ብዙ ጊዜ በዐሳባችን የሚመጣው ትልቁ መጋዘን፥ ባለብዙ ፎቁ ሕንጻና የጭነት መኪናው ነው። ዳሩ ግን የብዙው ቤተ ሰብ እንጀራ የሚገኘው ከዚህ ራቅ ብሎ በጉሊት መደብ፥ በቆርቆሮ ኪዮስክ፥ በመንገድ ዳር በተነጠፈች ማዳበሪያና በመኖሪያ ቤት ደጃፍ ከሚካሄደው ትንሽ ንግድ ነው። ይህን ንግድ መንግሥት በመዝገብ አያውቀውም፤ ባንክም አያበድረውም፤ ባለቤቱም ራሱ ብዙ ጊዜ ትርፉን ከኪሳራው ለይቶ አያውቀውም። በዛሬው ጽሑፋችን ልንመረምረው ያሰብነው ጥያቄ እንግዲህ ይህ ነው፤ በየሰው እጅ የገባው ስልክና በእርሱ የመጠቀም ዕውቀት ይህን ያልተመዘገበ ንግድ ወደ ሕግና ወደ ሥርዓት ያቀርበዋልን? ወይስ ይብሱን ያሸሸዋል?

ወደ ሩቅ አገር ከመሄዳችን በፊት ግን ከሰፈራችን እንጀምር።

በሰፈራችን በርበሬ፥ ሽሮና ቅመም እየሸጡ አራት ልጆች ያሳደጉ አንዲት እናት አሉ። እንደ እሳቸው ያሉ እናቶች በየሰፈሩ ስለሚገኙ ስማቸውን መግለጽ አያስፈልግም። ፊደል አልቈጠሩም፤ ነገር ግን ማን በየትኛው ቀን ስንት ኪሎ ሽሮ በዱቤ እንደ ወሰደ ከአእምሮአቸው አይጠፋም። ሰዉም ታማኝነታቸውን ስለሚያውቅ የዕቁብ ሰብሳቢ አድርጎ መርጧቸዋል። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ደንበኞቻቸው «ቴሌብር የለዎትም ወይ?» እያሉ ስላስቸገሩአቸው ሴት ልጃቸው በስልካቸው ከፈተችላቸው። የምስጢር ቍጥሩንም የምታውቀው፥ የገባውንና የወጣውንም የምታነብላቸው እርሷው ነበረች። ልጂቱ ለትምህርት ወደ ሌላ ከተማ በሄደች ጊዜ ግን ስልኩ በመቀነታቸው እንደ ተቋጠረ ዝም አለ፤ ይኸውም ይናገር ነበር፤ እሳቸው ግን ንግግሩን መስማት አልቻሉም።

አንድ ቀን በማታ ወደ ቤታችን መጡና «መምህር፥ እባክዎ ይዩልኝ፤ አንድ ሰው ሁለት ኪሎ በርበሬ ወስዶ ‹ገንዘቡን ልኬያለሁ› ብሎ በስልኩ ላይ ጽሑፍ አሳየኝ፤ ገብቶልኛል ወይ?» አሉን። እኛም ስልኩን ተቀብለን በሁለት ደቂቃ ውስጥ ተመለከትንና «አልገባም፥ እትዬ፤ ያሳየዎት ጽሑፍ የሐሰት ነው» አልናቸው። እሳቸውም አመስግነው፥ ማጣታቸውንም በዝምታ ውጠው ሄዱ። በሌላ ቀን ደግሞ እንዲሁ መጡ፤ እኛም እንዲሁ አደረግን። በሦስተኛው ጊዜ ግን ኅሊናችን ወቀሰን። ዕድሜአችንን በሙሉ ልጆችን ስናስተምር የኖርን ሰዎች ለእኚህ እናት እናነብላቸው ነበር እንጂ ማንበብን አላስተማርናቸውም ነበር። ልጃቸውም ያደረገችው ይህንኑ ነው። ስልክ መያዝና ስልክ ማወቅ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን የተረዳነው ያን ጊዜ ነው።

ከዚያ በኋላ ያመጡልን ጥያቄ ግን ከመጀመሪያው የከበደ ነበር። ጎረቤቶቻቸው «በስልክ የገባውን ሁሉ የግብር ሰዎች ያዩታል» ብለው ስላስፈሯቸው ልባቸው ታውኳል። በዚያ ስልክ የሚገባው የበርበሬው ዋጋ ብቻ አይደለም፤ የዕቁብተኛው ገንዘብም፥ በዐረብ አገር ያለው ልጃቸው የሚልከውም ይገባበታል። ሁሉ ተደምሮ ሲታይ ትልቅ ነጋዴ ያስመስላቸዋል። ስለዚህም «መምህር፥ እውነቱን ይንገሩኝ፤ ይህ ስልክ ይመሰክርልኛል ወይስ ይመሰክርብኛል?» ብለው ጠየቁን። ወዲያው የምንመልሰው መልስ አልነበረንም፤ ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣንም ይኸው ጥያቄ ነው።

ያልተመዘገበ ንግድ ምንድን ነው?

በዛሬ ዘመን «መደበኛ ያልሆነ የኢኮኖሚ ዘርፍ» እየተባለ የሚጠራውን ነገር በዚህ ዐይነት ስም ካስተዋወቁት ሰዎች አንዱ ኪት ሃርት የተባለ እንግሊዛዊ ተመራማሪ ነው። እርሱም በጋና ዋና ከተማ በአክራ፥ ኒማ በተባለው የድኾች መንደር ተቀምጦ የሰዉን ኑሮ ካጠና በኋላ፥ እ.ኤ.አ. በ1971 ባቀረበው ጽሑፍ፥ ሥራ ፈት የተባሉት ሰዎች በእውነቱ ሥራ የፈቱ ሳይሆኑ ከመዝገብ ውጭ የሚሠሩ መሆናቸውን አስረዳ። በተከታዩ ዓመት የዓለም የሥራ ድርጅት ስለ ኬንያ ባወጣው ጥናት ይህንኑ አነጋገር ስለ ተጠቀመበት ስሙ በዓለም ተሰራጨ። ይኸው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ዘገባ በዓለም ከሚሠራው ሕዝብ 61 በመቶ የሚሆነው፥ ይህም 2 ቢሊዮን ያህል ሰው፥ በዚህ ዐይነት ሥራ የሚተዳደር መሆኑን ገልጧል። በአፍሪካ ደግሞ ድርሻው ወደ 86 በመቶ ይደርሳል። እንግዲህ ነገሩ የጥቂት ሕግ ተላላፊዎች ጉዳይ ሳይሆን የብዙው ሰው ኑሮ መሆኑን ማስተዋል ይገባል።

እነዚህ ሰዎች ስለ ምን አይመዘገቡም ቢባል ምክንያቱ ልዩ ልዩ ነው። አንዳንዱን የሚያስፈራው የመንገዱ ርዝመት ነው። ኤርናንዶ ዴ ሶቶ የተባለው የፔሩ ተወላጅ ከባልደረቦቹ ጋር በሊማ ከተማ አንዲት ትንሽ የልብስ ስፌት ቤት በሕግ ለማስመዝገብ ቢሞክር፥ ሰዎቹ በየቀኑ በየቢሮው እየተመላለሱ 289 ቀን እንደ ፈጀባቸው እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተመው መጽሐፍ ተርኳል። ለሀብታም ድርጅት ይህ ያህል ቀን የአንድ ጸሓፊ ድካም ነው፤ ለድኻ ሰው ግን ያንኑ ያህል ቀን ጦም ማደር ማለት ነው።

ነገር ግን መንገዱን ማሳጠር ብቻውን አይበቃም። በስሪ ላንካ ሦስት ተመራማሪዎች ያልተመዘገቡ ትንንሽ ነጋዴዎችን በቡድን ከፍለው ፈትነው፥ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2013 አሳትመዋል። ለአንዱ ቡድን ስለ ምዝገባ አስረድተው ወጪውንም እንከፍላለን ቢሉ ፍሬ አላገኙም። የግማሽ ወይም የአንድ ወር ትርፍ ያህል ስጦታ በተጨመረ ጊዜ ግን ከአምስቱ አንዱ ያህል ተመዘገበ፤ የሁለት ወር ትርፍ በሆነ ጊዜም እኩሌታው ያህል ተመዘገበ። ከዚህ የምንማረው ነገር ትንሹ ነጋዴ ሞኝ አለመሆኑን ነው። እርሱ የሚጠይቀው «ብመዘገብ ምን እጠቀማለሁ?» ብሎ ነው፤ የሚጨበጥ መልስ እስኪያገኝም ድረስ ካለበት አይነቃነቅም።

በአገራችንም የምናስታውሰው ነገር አለ። በ2008 ዓ.ም. በወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ግብር ከፋዮች «ሀ»፥ «ለ» እና «ሐ» ተብለው ሲመደቡ፥ በመጨረሻው ደረጃ ያሉት ትንንሽ ነጋዴዎች የሒሳብ መዝገብ የመያዝ ግዴታ ስላልነበረባቸው የሚከፍሉት በግምት ነበር። በ2009 ዓ.ም. ክረምት የቀን ገቢ ግምት በተነገረ ጊዜ «ይህን ያህል አልሸጥንም» የሚል ብርቱ ቅሬታ ተነሣ፤ በአንዳንድ ከተሞችም ሱቆች ተዘጉ። ገማቹ በልክ ገመተ ወይስ አበዛ የሚለውን ክርክር ለጊዜው እንተወውና አንድ ነገር ብቻ እናስተውል። መዝገብ የሌለው ሰው «አልሸጥኩም» ሲል የሚያቀርበው ምስክር አልነበረውም። ራሱን ያልቈጠረውን ሰው ሌላው ይቈጥረዋል።

የእጅ ስልክ ያመጣው ለውጥ

በኬንያ ሳፋሪኮም «ኤም-ፔሳ» የተባለውን በስልክ ገንዘብ የመላክ አገልግሎት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። ታቭኒት ሱሪና ዊሊያም ጃክ የተባሉ ሁለት ሊቃውንት ይህ አገልግሎት በሕዝቡ ኑሮ ላይ ያደረገውን ለውጥ ለብዙ ዓመት ከተከታተሉ በኋላ፥ እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት ጥናት 194,000 ቤተ ሰብ ከድኽነት እንደ ወጣና 185,000 ሴቶች ከእጅ ወደ አፍ ከሆነ እርሻ ወደ ንግድ ሥራ እንደ ተሸጋገሩ ገምተዋል። በአገራችንም ቴሌብር ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ ኤም-ፔሳም ነሐሴ 2015 ዓ.ም. ገባ፤ ባንኮቹም የየራሳቸውን አቅርበዋል። በዚህም ምክንያት ዛሬ ከታክሲ ረዳት ጀምሮ እስከ ጉሊት ነጋዴ ድረስ ገንዘብ በስልክ መቀበል የተለመደ ሆኗል።

ነገር ግን ዕውቀቱ ደረጃ በደረጃ የሚወጣ መሰላል መሆኑን ማስተዋል ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው ደረጃ የገባውን ገንዘብ በራስ ዐይን አይቶ ማረጋገጥና የምስጢር ቍጥርን ለሌላ አለመስጠት ነው። ገዢው በራሱ ስልክ የሚያሳየው ጽሑፍ ማስረጃ አይሆንም፤ ማስረጃው በሻጩ ስልክ ላይ የሚታየው ቀሪ ሒሳብ ነው። በዚህ ደረጃ ያልቆመ ሰው ስልኩ ከጥቅሙ ይልቅ ጉዳቱ ይበዛበታል።

ሁለተኛው ደረጃ የቤቱን ገንዘብ ከንግዱ ገንዘብ መለየት ነው። በዶሚኒካን ሪፐብሊክ ለትንንሽ ነጋዴዎች የተሰጠ ትምህርት ነበረ፤ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2014 ታትሟል። አንዱ ክፍል እንደ ትምህርት ቤት ደንብ ሙሉውን የሒሳብ አያያዝ ተማረ፤ ሁለተኛው ክፍል ግን ጥቂት ቀላል ደንቦችን ብቻ ተማረ። ከእነዚህም ደንቦች ዋናው የቤቱንና የንግዱን ገንዘብ በሁለት የተለያዩ መሳቢያዎች ማስቀመጥ ነበር። ሙሉውን ትምህርት የተማሩት እምብዛም አልተለወጡም፤ ቀላሉን ደንብ የተማሩት ግን መዝገባቸውም ገቢያቸውም ተሻሻለ። እኛ መምህራን ብዙ በማስተማራችን ለምንኰራው ይህ ነገር ተግሣጽ ሊሆነን ይገባል።

ሦስተኛው ደረጃ የስልኩን መዝገብ ለምስክርነት መጠቀም ነው። የጉሊት ነጋዴ ለባንክ የምታስይዘው ቤትም መኪናም የላትም። ነገር ግን በ2014 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም ከዳሸን ባንክ ጋር ሆኖ «ቴሌብር መላ» የተባለውን ያለ መያዣ የሚሰጥ አነስተኛ ብድር ከጀመረ ወዲህ፥ ስልኩ የመዘገበው የገንዘብ እንቅስቃሴ እንደ ዋስ መቈጠር ጀምሯል። ይህም ለማትታወቀው ነጋዴ የመጀመሪያዋ የመታወቂያ በር ነው። ብድር ዕዳ መሆኑ ግን አይዘንጋ፤ ትርፉን ለይቶ የማያውቅ ሰው በስልክ በደቂቃ የወሰደውን ገንዘብ በወር መመለስ ያቅተዋል።

አራተኛው ደረጃ ምዝገባና ፈቃድ ነው። ዛሬ የንግድ ምዝገባ በኢንተርኔት የሚፈጸምበት መንገድ በአገራችን ተከፍቷል። ዳሩ ግን ከአንደኛው እስከ ሦስተኛው ያለውን ደረጃ ያልረገጠ ሰው በአንድ ዝላይ አራተኛው ላይ ሊወጣ አይችልም፤ ቢወጣም እየከፈለ ወደ ቢሮ የላከው ሌላ ሰው ነው የወጣለት።

ስልኩ የሚያስፈራበት ጊዜ

ይህን ሁሉ ስንል የእኚያን እናት ፍርሃት ከንቱ ማለታችን አይደለም። በጋና መንግሥት እ.ኤ.አ. በግንቦት ወር 2022 በስልክ በሚተላለፍ ገንዘብ ላይ 1.5 በመቶ ቀረጥ በጣለ ጊዜ ሕዝቡ አጕረመረመ፤ ብዙ ሰውም ወደ ጥሬ ገንዘብ ተመለሰ። ቀረጡ በተከታዩ ዓመት ወደ 1 በመቶ ዝቅ ተደረገ፤ እ.ኤ.አ. በ2025 ደግሞ ፈጽሞ ተሻረ። ዩጋንዳም እ.ኤ.አ. በ2018 የ1 በመቶ ቀረጥ ጥላ በዚያው ዓመት ገንዘብ በሚወጣበት ጊዜ ብቻ ወደሚከፈል ግማሽ በመቶ ዝቅ አድርጋዋለች።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረን ግን በሕንድ የሆነው ነው። ሕንድ እ.ኤ.አ. በ2016 «ዩፒአይ» የተባለውን በስልክ የመክፈያ መንገድ ስለ ዘረጋች የሻይና የአትክልት ሻጩ ሁሉ በደጁ የክፍያ ምልክት ለጥፎ ገንዘብ መቀበል ለመደ። እ.ኤ.አ. በ2025 ክረምት የካርናታካ ግዛት የግብር መሥሪያ ቤት ይህን የስልክ መዝገብ ተመልክቶ፥ ሽያጫቸው ከተወሰነው መጠን ያለፈ መስሎ ለታየው ለብዙ ትንንሽ ነጋዴዎች የግብር ደብዳቤ ላከ። ወዲያው በቤንጋሉሩ ከተማ ብዙ ሱቆች የክፍያውን ምልክት እየላጡ «ጥሬ ገንዘብ ብቻ» የሚል ጽሑፍ ለጠፉ። ነጋዴዎቹ ካቀረቡት አቤቱታ አንዱ፥ ከዘመድ የመጣውና የተበደሩት ገንዘብ ሁሉ እንደ ሽያጭ ተቈጠረብን የሚል ነበር። እንግዲህ የሰፈራችን እናት የፈሩት ነገር ከሩቅ አገር ደርሶ ታይቷል ማለት ነው።

ነገሩን በጥሞና ለተመለከተው ሰው ግን ጥፋቱ የስልኩ ብቻ አይደለም። ስልክ የገባውን ይጽፋል፤ ስለ ምን እንደ ገባ ግን አይጽፍም። ያንን የሚጽፈው ባለቤቱ ነው። ስለዚህ ሁለተኛው ደረጃ፥ ማለት ገንዘብን መለየት፥ ለትርፍ ብቻ ሳይሆን ራስን ከግፍ ለመጠበቅም አስፈላጊ ነው። በሌላው ወገን ደግሞ ሹሙ ሊያስተውለው የሚገባ ነገር አለ። ነጋዴዋ በስልክ መነገድ እንደ ጀመረች የመጀመሪያው ያገኛት ደብዳቤ የዕዳ ደብዳቤ ከሆነ፥ ተመልሳ ወደ መቀነቷ ትገባለች፤ ከእንግዲህም ወዲህ የሚያወጣት አይገኝም።

ለዚህ መልካም ምሳሌ የሚሆነን ብራዚል ነው። በዚያ አገር እ.ኤ.አ. በ2008 መጨረሻ በወጣና በ2009 ሥራ በጀመረ ሕግ፥ ከአንድ የማይበልጥ ቅጥር ሠራተኛ ያለው ትንሽ ነጋዴ በኢንተርኔት ያለ ክፍያ እንዲመዘገብ ተፈቀደ። በየወሩም አንድ የተቈረጠ መጠነኛ ገንዘብ ይከፍላል፤ በምትኩ የጡረታ፥ የሕመምና የወሊድ ድጋፍ መብት ያገኛል። «ብመዘገብ ምን እጠቀማለሁ?» ለሚለው ጥያቄ የሚጨበጥ መልስ ስላገኘ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው ተመዝግቧል። ከተመዘገቡትም ወርኀዊውን ክፍያ በየጊዜው የማይከፍሉ ብዙዎች ናቸው፤ ሆኖም መንገዱ አጭር፥ ዕዳውም የታወቀ፥ ጥቅሙም የሚታይ ሲሆን ሰው ከተደበቀበት እንደሚወጣ ያሳያል።

ለቤተ ሰብ የሚሆን ምክር

ከዚህ ሁሉ የደረስንበት ፍርድ ይህ ነው። የስልክ ዕውቀት ብቻውን ያልተመዘገበውን ንግድ አያስመዘግብም፤ ነገር ግን ያለ እርሱ ወደ ምዝገባ የሚወስደው መንገድ ለድኻው ሰው የጨለመ ነው። ስለዚህ በየቤቱ የሚከተለው እንዲደረግ እንመክራለን።

አንደኛ፤ የተማሩ ልጆች ለእናትና ለአባታቸው በስልክ ከመሥራት ይልቅ ያስተምሯቸው። በሁለት ደቂቃ ከሚፈጸምላቸው በሁለት ሳምንት የሚማሩት ይሻላቸዋል። የምስጢር ቍጥራቸውንም ባለቤቶቹ ራሳቸው ይምረጡት፤ ልጅም ቢሆን አይያዝላቸው።

ሁለተኛ፤ የንግዱ ገንዘብ በአንድ ቍጥር፥ የዕቁቡና የዘመድ ገንዘብ በሌላ ቍጥር ይግባ። ሁለት ቍጥር መያዝ የማይቻል ከሆነ በየማታው ምንነቱ በደብተር ይጻፍ።

ሦስተኛ፤ ደብተሩ ሁለት ዐምድ ብቻ ይኑረው፤ የገባና የወጣ። ከቤት ለልጆች የተበላው ሽሮም እንደ ወጣ ይጻፍ፤ ከንግዱ የወጣ ነውና።

አራተኛ፤ ከመመዝገብ በፊት ወደ ወረዳ ሄዶ ግብሩ ስንት እንደሚሆን በግልጥ መጠየቅ አያሳፍርም። በተለይም በ2017 ዓ.ም. የገቢ ግብሩ አዋጅ ስለ ተሻሻለ፥ ከጎረቤት ወሬ ይልቅ የአሁኑን ደንብ ከባለሥልጣኑ አፍ መስማት ይገባል። ግብር የዜጋ ግዴታ መሆኑ የታወቀ ነው፤ ዳሩ ግን ዜጋ ግዴታውን በልኩ ለመክፈል በመጀመሪያ ልኩን ማወቅ ይኖርበታል።

ወደ እኚያ እናት እንመለስና ጽሑፋችንን እንፈጽም። ከዚያ ወዲህ በሳምንት ሁለት ማታ ወደ ቤታችን እየመጡ በመጀመሪያ ቍጥሮቹን፥ ቀጥሎም «ገቢ» እና «ወጪ» የሚሉትን ቃላት ማንበብ ተማሩ። ለዕቁቡ ሌላ ቍጥር አወጡ። ደብተራቸውን በያዙ በሦስተኛው ወር ሒሳቡን አብረን ብንደምረው ብዙ የሚኰሩበት በርበሬ፥ የመቀንጠሻውና የማስፈጫው ወጪ ተቀንሶለት፥ ከሁሉ ያነሰ ትርፍ የሚያመጣ ሆኖ ተገኘ፤ ቤቱን ይዞት የኖረው ከንቱ መስሎ ይታያቸው የነበረው ቅመም ነው። እሳቸውም ደብተሩን አገላብጠው አዩና «ይህን ሁሉ ዓመት ማን ሲያበላኝ እንደ ኖረ አላውቅም ነበር» አሉ።

የንግድ ፈቃድ አወጡን ብላችሁ ብትጠይቁን ገና አላወጡም። ነገር ግን ባለፈው ሰኞ ደብተራቸውንና ስልካቸውን ይዘው፥ ማንም ሳያጅባቸው፥ ወደ ወረዳው ሊጠይቁ ሄደዋል። ሲሄዱ በደጃችን አልፈው ነበርና «ታዲያ ስልኩ ይመሰክርልዎታል ወይስ ይመሰክርብዎታል?» ብለን ብንጠይቃቸው፥ ደብተሩን በነጠላቸው ስር ሸሸግ አድርገው «ከእንግዲህ ምን ይል ይሆን ብዬ አልፈራውም፤ እኔም ቃሌን ይዤ ሄጃለሁ» ብለው መለሱልን።